ኖድ-ሬድ ላይ ዳታችሁ መሀል መንገድ እንዳይቀር፦ ከመጀመሪያው ኖድ እስከ መልሱ

በኖድ-ሬድ፣ ኖድ የሚባሉ ሳጥኖችን በሽቦ እያገናኛችሁ ፕሮግራም በምትሠሩበት መሣሪያ፣ ቴሌግራም ቦት ሠራችሁ እንበል። ሰው የከተማ ስም ይልካል፣ ቦቱ የከተማውን ሙቀት ከኢንተርኔት ጠይቆ ይመልሳል። ጥያቄው ደረሰ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። ግን መልሱ ለማን ይላክ? ቻት አይዲው፣ ማለትም መልሱ የሚሄድበት ቻት መለያ፣ የለም። ከሦስት ኖድ በፊት በዓይናችሁ ያያችሁት ነገር አሁን «አንዲፋይንድ»፣ ማለትም ዋጋ የሌለው፣ ሆኗል።

ኖድ-ሬድ የጀመረ ሰው ሁሉ እዚህች ጋ ይሰናከላል። እኔም አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቼባታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከኖድ ወደ ኖድ የሚተላለፈው ሜሴጅ ይባላል፣ ዋናው ይዘቱ የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ ፔይሎድ። ሜሴጅ.ፔይሎድ የጋራ ትሪ ነው። ተረኛው ኖድ የራሱን ሊያቀርብ ሲመጣ እናንተ ያስቀመጣችሁትን ጠርጎ ነው የሚያቀርበው። አያስፈቅድም፣ ኤረርም አያሳይም። የምትፈልጉትን ቀድማችሁ ማንሳት የእናንተ ሥራ ነው።

ይህንኑ ቦት ይዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ኮዱን የምትጽፉት በላቲን ፊደል ነው፣ እኔ ግን እዚህ ድምፁን በፊደላችን አስቀምጬዋለሁ። «ሜሴጅ» ስል ኮዱ ላይ ኤም፣ ኤስ፣ ጂ ተብሎ በሦስት ፊደል የሚጻፈውን ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለኮዱ አንድ አይደለም። ቻት አይዲ ላይ «አይ»ዋ ብቻ ትልቅ ናት፣ የቀሩት ትንሽ። ስንቱ ሰው እሷን ሳያይ ሌሊት አድሯል።

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

• የሚሠራ ኖድ-ሬድ፣ በብሮውዘር ፖርት 1880 ላይ የሚከፈት።
• የቴሌግራም ኖዶች፣ «ማኔጅ ፓሌት» ውስጥ ገብታችሁ የምትጭኑት። ቶክኑን፣ ማለትም የቦቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ ከቦትፋዘር፣ ቦት ከሚፈጥረው የቴሌግራም ቦት፣ ታገኛላችሁ።
• የአየር ሁኔታ አገልግሎት። እኔ ኦፕን-ሜቴዎን እመርጣለሁ፤ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ያለ ኤፒአይ ቁልፍ ይሠራል። ሁለት ጥሪ ነው ያለው፣ አንዱ የከተማ ስም ተቀብሎ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ይሰጣል፣ ሌላው እነዚህን ተቀብሎ ሙቀቱን ይሰጣል።
• ወረቀትና እስክሪብቶ። አልቀለድኩም።

ወረቀቱ ላይ ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ጻፉ። መላኪያው ኖድ ምን ይፈልጋል? ቻት አይዲ፣ ታይፕ እና ኮንቴንት። ኮንቴንቱን ለመጻፍ ምን ያስፈልጋል? የከተማው ስምና ሙቀቱ። ቻት አይዲው የሚገኘው የት ነው? መጀመሪያው ኖድ ላይ ብቻ። አያችሁ፣ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈለግ ነገር ካለ እሱ መሸከም አለበት።

ፔይሎድን የሚጠርጉትንም ከወዲሁ እወቋቸው። ኢንተርኔት ላይ ጠይቆ መልስ የሚያመጣው ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት ዋናው ነው። ፋይል አንባቢው፣ ኤክዜክ፣ አብዛኞቹ የዳታቤዝ ኖዶች፣ ጆይን፣ ጄሰን እና ሲኤስቪም እንዲሁ። ጽሑፍ የሚገጥመው ቴምፕሌት ካልነካችሁት የሚጽፈው ፔይሎድ ላይ ነው፤ እሱን ግን ሌላ ቦታ ጻፍ ልትሉት ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ የመጣውን እዩ

የቴሌግራም ተቀባዩን ኖድ ጎትቱና ከላይኛው መውጫው ወደ ዲበግ፣ የደረሰውን ወደሚያሳያችሁ ኖድ፣ ሽቦ ዘርጉ። ዲበጉን ክፈቱና ከ«ሜሴጅ.ፔይሎድ» ወደ «ኮምፕሊት ሜሴጅ ኦብጀክት» ቀይሩት። ይህቺን እርምጃ አትዝለሏት። ዲበግ እንዳመጣጡ ፔይሎድን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ፣ ስለዚህ የቀረው መኖር አለመኖሩን ሳታውቁ በጭፍን ትሄዳላችሁ።

ዲፕሎይ አድርጉ፣ ከስልካችሁ ለቦቱ የከተማ ስም ላኩ። ፔይሎድ ውስጥ ቻት አይዲ፣ ታይፕ እና ኮንቴንት ታያላችሁ። የከተማው ስም ኮንቴንት ውስጥ ነው። ማውሱን አንዱ ላይ ስታሳርፉ በቀኝ በኩል ትንንሽ ቁልፎች ብቅ ይላሉ፣ አንደኛዋ መንገዱን ኮፒ ታደርግላችኋለች። በእጅ ከመጻፍ እሷን ተጠቀሙ፤ የፊደል ስህተት ግማሹ እዚያው ይቀራል።

2. የሚፈለገውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ

አሁን ቼንጅ ኖድ ጎትቱ፣ ያለ ኮድ የሜሴጁን ክፍሎች የሚያስቀምጠውና የሚቀይረው እሱ ነው። ሁለት «ሴት» («አስቀምጥ» ማለት ነው) መስመር ጻፉበት፦

ሀ. ሜሴጅ.ቦርሳ.ቻት አይዲ፣ ከሜሴጅ.ፔይሎድ.ቻት አይዲ የሚመጣ።
ለ. ሜሴጅ.ቦርሳ.ከተማ፣ ከሜሴጅ.ፔይሎድ.ኮንቴንት የሚመጣ።

በቀኝ ያለው ሳጥን ዓይነቱ «ሜሴጅ.» መሆኑን አረጋግጡ። «ስትሪንግ» ላይ ከቀረ ኖዱ ዋጋውን ትቶ የጻፋችሁትን ቃል ራሱን ቦርሳ ውስጥ ይከትላችኋል።

ለምን «ቦርሳ»? ማንም ኖድ በዚህ ስም አይጠቀምማ። ዩአርኤል፣ ሜተድ፣ ሄደርስ፣ ቶፒክ፣ ፓርትስ፣ ፋይልኔም፣ ኤረር የሚባሉት ስሞች ባለቤት አላቸው። በተለይ «ሪሴት» በሚለው ስም ምንም ነገር አታስቀምጡ። ትሪገር ወይም ጆይን ጋ ሲደርስ ኖዱ ትእዛዝ መስሎት የያዘውን ሁሉ ይጥለዋል።

የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ቼንጅ ኖድ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ፔይሎድን በሌላ ነገር ተክታችሁ ቀጥላችሁ ከፔይሎድ ውስጥ ቻት አይዲ ላውጣ ብትሉ የለም። አስቀምጡ፣ ከዚያ ቀይሩ።

ሙሉውን ፔይሎድ እንዳለ ቦርሳ ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ «ዲፕ ኮፒ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። ያለሷ ሁለቱ ስሞች አንድ ዕቃ ላይ የተለጠፉ ሁለት ወረቀቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንዱ ስም ገብታችሁ ኮንቴንቱን ስትለውጡት በሌላውም ስም ተለውጦ ታገኙታላችሁ።

3. የመጀመሪያው ጥሪ

ከቼንጁ ቀጥሎ ፈንክሽን ኖድ፣ ኮድ የምትጽፉበትን፣ አድርጉና ሜሴጅ.ዩአርኤል ላይ አድራሻውን ገጥሙ። የከተማውን ስም «ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት» በሚለው ፈንክሽን አሳልፉት። «ባሕር ዳር» እና «ድሬ ዳዋ» መሀላቸው ክፍተት አለ፤ አንድ ቃል በሆኑት ከተሞች ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ የሄደ ሰው የሚጋለጠው እዚህ ነው። የፈንክሽኑ የመጨረሻ መስመር «ሪተርን ሜሴጅ» ይሁን። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት። ሦስት ነገር አስተካክሉ፦

ሀ. የዩአርኤል ሳጥኑን ባዶ ተዉት። እዚያ ከጻፋችሁ ሜሴጅ.ዩአርኤልን አያየውም።
ለ. «ሪተርን» የሚለውን ወደ ጄሰን ኦብጀክት ቀይሩ። አለበለዚያ የሚመጣው ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ውስጡ ገብታችሁ ምንም አታወጡም።
ሐ. 2 መቶ ቤት ያልሆኑ፣ ማለትም ያልተሳኩ፣ መልሶችን ወደ ካች ኖድ (ኤረር ሲፈጠር ወደሚይዘው) ብቻ ላክ የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጉ። ካላደረጋችሁ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኖዱ ካችንም ይቀሰቅሳል፣ ሜሴጁንም ፔይሎዱ ላይ የኤረር ጽሑፍ ጭኖ ወደፊት ይለቀዋል። ተጠቃሚው ሁለት መልስ ይደርሰዋል፣ አንዱም ትክክል አይደለም።

ዲበግ አያይዙና እዩ። ፔይሎድ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፣ ቦርሳው ግን እንዳለ አለ። ለባሕር ዳር 11.59 እና 37.39 አካባቢ ካያችሁ ልክ ናችሁ።

ከተማው ካልተገኘ አገልግሎቱ ኤረር አይልም፣ «ሪዘልትስ» የሚለውን ክፍል ትቶ ይመልሳል። ስለዚህ ስዊች ኖድ አስገቡ፤ ሜሴጅ.ፔይሎድ ላይ «ሃዝ ኪ» ብላችሁ «ሪዘልትስ» መኖሩን ጠይቁ። ካለ ወደፊት። ከሌለ በ«አዘርዋይዝ» ወጥቶ «ይህን ከተማ አላገኘሁትም» ወደሚል መልስ ይሂድ። ቻት አይዲው ቦርሳ ውስጥ ስላለ ይህም መንገድ ለማን እንደሚመልስ ያውቃል።

4. ሁለተኛው ጥሪ እና የሄደርስ ጣጣ

ሌላ ቼንጅ ኖድ። ከሪዘልትስ የመጀመሪያውን፣ ማለትም ቁጥር 0ን፣ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ወደ ቦርሳ ክተቱ። ከዚያ «ዲሊት» ብላችሁ ሜሴጅ.ሄደርስን ሰርዙ።

ይህቺ ስረዛ ለምን? የመጀመሪያው ጥሪ ሲመለስ የሰርቨሩን ሄደሮች፣ ከመልሱ ጋር የሚመጡትን ተጨማሪ መረጃዎች፣ ሜሴጅ.ሄደርስ ላይ ያስቀምጣል። ቀጣዩ ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት ደግሞ ሜሴጅ.ሄደርስ ላይ ያገኘውን የጥያቄው ሄደር አድርጎ ይልካል። አዳዲሶቹ ቨርሽኖች ያልተነካውን ሄደር ለይተው ይጥሉታል፣ እውነት ነው። ግን እናንተ አንዲት ቶክን ልጨምር ብላችሁ ከነካችሁት መለየት ይቀራል፣ የመጀመሪያው ሰርቨር ኮተት በሙሉ ተከትሎ ለሁለተኛው ይላካል። ሁለተኛው ጥሪ ብቻውን ሲሠራ ሰንሰለት ውስጥ ሲገባ እንቢ ካለ ከሁሉ በፊት ይህን ጠርጥሩ።

አድራሻውን እንደበፊቱ ገጥሙና ሁለተኛውን ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት አስከትሉ። ሦስቱ ማስተካከያዎች እዚህም ያው ናቸው።

5. ፈንክሽን ኖድ፣ ብዙው ሰው የሚወድቅበት

እስካሁን ያለው ሁሉ በትክክል ተሠርቶ አንዲት መስመር ብቻ ልታፈርሰው ትችላለች። ሦስት ዓይነት አወዳደቅ አለ።

አንደኛው፣ በ«ሪተርን» በኩል አዲስ ኦብጀክት መመለስ፣ ውስጡ ፔይሎድ ብቻ ያለው። ኮዱ ንጹሕ ይመስላል፣ ፔይሎዱም ትክክል ነው። ግን ሜሴጁን ጥላችሁ አዲስ ሜሴጅ ፈጠራችሁ፤ ቦርሳውም አብሮ ቀረ። መፍትሔው ሜሴጅ.ፔይሎድን ቀይሮ ያንኑ የመጣውን ሜሴጅ መመለስ ነው።

ሁለተኛው፣ «ሪተርን ሜሴጅ.ፔይሎድ»። ፔይሎዱ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ከሆነ ኖድ-ሬድ ይጮኻል፣ እሱ እንኳ ደግ ነው። ኦብጀክት ሲሆን ግን ዝም ብሎ ያልፋል፣ የፔይሎዱ ሆድ ዕቃ ራሱ ሜሴጅ ይሆንና ቀጣዩ ኖድ ፔይሎድ የሌለው ነገር ይደርሰዋል። ዲበግ ላይ ከላይኛው ደረጃ «ላቲቲዩድ» ተንጠልጥሎ ካያችሁ ይህ ነው የሆነው።

ሦስተኛው፣ ቦርሳ ሳይኖር ውስጡ መክተት። ቼንጅ ኖድ የሌለውን ቦርሳ ራሱ ይፈጥረዋል፣ ፈንክሽን ውስጥ ግን መጀመሪያ ባዶ ቦርሳ ካልፈጠራችሁ «ታይፕ ኤረር» ብሎ ይቆማል። ስትፈጥሩ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን እንዳታጠፉ «ካለ ያለውን፣ ከሌለ ባዶ» በሚል ጻፉት።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ፈንክሽን አትጠቀሙ፣ ቼንጅ ይበቃል። ኮድ ስለምችል ብቻ ሁሉንም ፈንክሽን ውስጥ የከተትኩበት ፍሎው ከስድስት ወር በኋላ ለራሴም አልገባኝም።

6. መልሱን ገጥማችሁ ላኩ

አሁን ሜሴጁ ፔይሎድ ላይ ሙቀቱን፣ ቦርሳ ላይ የቀረውን ይዟል። መጀመሪያ ሙቀቱን ወደ ቦርሳ አስገቡ። ከዚያ ቴምፕሌት ኖድ አምጡና «ፕሮፐርቲ» የሚለውን ወደ ሜሴጅ.ጽሑፍ ቀይሩ። የከተማውን ስም በሦስት ጥቅል ቅንፍ ክበቡት። በሁለት ከከበባችሁት እንደ አፖስትሮፍ ያሉ ምልክቶች ወደ ኤችቲኤምኤል ኮድ ተለውጠው ተጠቃሚው ጋ ይደርሳሉ።

በመጨረሻ ቼንጅ፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሀ. ሜሴጅ.ፔይሎድን በባዶ ጄሰን ተኩ። የአየር ሁኔታው ትርፍራፊ ይጸዳል።
ለ. ፔይሎድ.ቻት አይዲን ከቦርሳ ሙሉ።
ሐ. ፔይሎድ.ታይፕ «ሜሴጅ» የሚል ቃል ይሁን። ይህ ሳይታጠር በሙሉ ፊደሉ የሚጻፈው ነው።
መ. ፔይሎድ.ኮንቴንትን ከሜሴጅ.ጽሑፍ ሙሉ።

ወደ መላኪያው ኖድ አያይዙ፣ ዲፕሎይ፣ ሞክሩ።

7. ሲበላሽም መልስ ይኑር

ካች ኖድ አስቀምጡና ሁለቱን ኤችቲቲፒ ሪኩዌስቶችና ፈንክሽኖቹን ብቻ ምረጡለት። ሁሉንም ያዝ ካላችሁት መላኪያው ራሱ ሲወድቅ፣ ለምሳሌ ሰውዬው ቦቱን ብሎክ ካደረገ፣ ካች መልሶ ወደ መላኪያው ይልካል፣ ያም እንደገና ይወድቃል።

ካች የሚያወጣው የወደቀውን ሜሴጅ ከነቦርሳው ነው፣ ሜሴጅ.ኤረር ተጨምሮበት። ስለዚህ «ትንሽ ቆይተህ ሞክር» የሚለውን ለትክክለኛው ሰው መላክ ትችላላችሁ። ፈንክሽን ውስጥ ራሳችሁ «ኖድ.ኤረር» ስትጠሩ ግን ከጽሑፉ ቀጥሎ ሜሴጁን ማስከተል እንዳትረሱ። ካላስከተላችሁት ካች ጭራሽ አይሰማም።

«ፍሎው ላይ ባስቀምጠውስ?»

ሁሉም የሚያስባት አቋራጭ ናት። ቻት አይዲውን በ«ፍሎው.ሴት» አስቀምጦ መጨረሻ ላይ በ«ፍሎው.ጌት» ማንሳት። ብቻችሁን ስትሞክሩት ያለ እንከን ይሠራል።

እኔም እንዲያ ሠርቼ ለቤተሰብ ግሩፕ አከፋፈልኩት። እህቴ ባሕር ዳርን ጠየቀች፣ በዚያችው ሰከንድ የአጎቴ ልጅ ጅግጅጋን። ሁለቱም መልስ ለአጎቴ ልጅ ሄደ፣ እህቴ እስካሁን «ቦትህ ዘግቶኛል» ትለኛለች። የሆነው ግልጽ ነው፤ የእሷ ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ መልስ ሲጠብቅ የእሱ ገባና እዚያው ሳጥን ላይ የራሱን ቻት አይዲ ጻፈበት።

ፍሎው ኮንቴክስት የሁሉም ነው። የክፍል ሙቀት ገደብ፣ የመጨረሻው ንባብ፣ ቆጣሪ፣ እነዚህን አስቀምጡበት። የአንድ ጥያቄ ንብረት የሆነ ነገር ግን ከሜሴጁ ጋር ይጓዝ።

ሽቦው ሲከፈል

ከአንድ መውጫ ሁለት ሽቦ ብትዘረጉ ሜሴጁ ይባዛል፣ ሁለቱም ቅጂ ቦርሳ ይይዛል። አንዱ ላይ ያደረጋችሁት ለውጥ ሌላው ላይ አይታይም። ሁለቱን ሽቦ መልሳችሁ አንድ ኖድ ላይ ብታገናኟቸው አይዋሃዱም፤ ኖዱ ሁለቴ ይሠራል፣ ተጠቃሚው ግማሽ ግማሽ የሆኑ ሁለት መልሶች ይደርሱታል።

ለመዋሃድ ብዙ ሜሴጆችን ወደ አንድ የሚሰበስበው ጆይን ያስፈልጋል፦ «ማንዋል»፣ ኪ እና ቫልዩ፣ ሜሴጅ.ቶፒክን እንደ ቁልፍ፣ ከ2 ሜሴጅ በኋላ ላክ። ከፔይሎድ ውጭ ያለው ሁሉ የሚወሰደው በመጨረሻ ከደረሰው ሜሴጅ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱ መንገድ ላይ ለየብቻ የተጨመረ ነገር ካለ አንደኛው ይጠፋል። ከዚያም በላይ ይህ ጆይን ሁለት ይቆጥራል እንጂ የማን ሁለት እንደሆነ አያይም። የእህቴ ግማሽ ከአጎቴ ልጅ ግማሽ ጋር ሊጋባ ይችላል። ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ነገር አንድ ሰከንድ ይዘግይ እንጂ ጥሪዎቹን በሰንሰለት አስከትሏቸው እላለሁ።

አንዱን ሜሴጅ በስፕሊት ኖድ ከፋፍላችሁ በጆይን «አውቶማቲክ» የምትሰበስቡ ከሆነ የሚያገናኛቸው ሜሴጅ.ፓርትስ ነው። መሀል ላይ ፈንክሽን አዲስ ኦብጀክት ከመለሰ ፓርትስ ይጠፋና ጆይን ማስጠንቀቂያ ብቻ አሳይቶ ምንም አያወጣም። መሀል ላይ ያለ ስዊች አንዱን ቢያስቀር እንኳ ጆይን የጎደለውን ሲጠብቅ ይኖራል። ለዚህ ስዊች ላይ «ሪክሪዬት ሜሴጅ ሲኩዌንስስ» የምትል ሳጥን አለች፣ ምልክት አድርጉባት።

በግድ የሚቆረጥበት ቦታ

ሴንሰሮችና መሣሪያዎች መልእክት በሚለዋወጡበት ኤምኪውቲቲ ላይ ቦርሳ አይሻገርም። ጣሪያ ላይ ያለውን የሮቶ ሴንሰር «ውሃው ስንት ደረሰ?» ብላችሁ በኤምኪውቲቲ ብትጠይቁ የሚሄደው ቶፒኩና ፔይሎዱ ነው፤ መልሱ በሌላ ኖድ ሲገባ ፍጹም አዲስ ሜሴጅ ነው። እዚህ ላይ ቦርሳውን ፔይሎዱ ውስጥ አስገብታችሁ ላኩት፣ ሴንሰሩም ሲመልስ እንዳለ እንዲያስተጋባው ፕሮግራም አድርጉት። ሁለቱም ወገን ኤምኪውቲቲ 5 የሚችል ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ «ኮሪሌሽን ዳታ» አለ።

አሁንም ከጠፋ

ከእያንዳንዱ ኖድ በኋላ ሙሉውን ሜሴጅ የሚያሳይ ዲበግ ሰክታችሁ ስም ስጧቸው፣ አንድ ሁለት ሦስት። አንዴ ብቻ ላኩ። ቦርሳው እስከ ስንተኛው አለ? ከመጨረሻው ካለበትና ከመጀመሪያው ከሌለበት መሀል ያለው ኖድ ነው ጥፋተኛው፤ ሌላውን አትንኩ።

ሌላ ፍሎው ጠርቶ መልሱን የሚጠብቀው ሊንክ ኮል ኖድ ከሆነና በ30 ሰከንድ «ታይምአውት» ካለ የተጠራው ፍሎው ውስጥ አዲስ ሜሴጅ ፈጥራችኋል፣ የመመለሻ አድራሻው የተጻፈው አሮጌው ላይ ነበር።

ድረ ገጽ ከሆነ የሠራችሁትና ብሮውዘሩ እየተሽከረከረ ከቀረ፣ ሎጉም «ኖ ሪስፖንስ ኦብጀክት» ካለ፣ ለብሮውዘሩ መልስ የሚላክበት ሜሴጅ.ሬስ ጠፍቷል ማለት ነው። ወደ ቁጥር 5 ተመለሱ፣ አንደኛው አወዳደቅ።

ቦርሳው አለ ግን ውስጡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2 ላይ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል እዩ፣ ከዚያ የቻት አይዲን ትልቋን «አይ»።